ፕሮቲን ማብዛት አለርጂ ያመጣል? የደም ምርመራዬ ግራ አጋብቶኛል

ብርታት_ገርጂ

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። ዕድሜዬ 26 ነው። ክብደት ማንሳት ከጀመርኩ ወዲህ አመጋገቤን ሙሉ በሙሉ ቀይሬአለሁ። ጠዋት እንቁላል፣ ከልምምድ በፊት ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ከልምምድ በኋላ ከአጓት የሚሠራውን የፕሮቲን ዱቄት በወተት በጥብጬ፣ ማታ ሥጋ ወይም ሽሮ እበላለሁ። ክብደቴ 70 ኪሎ ሲሆን በቀን 130 ግራም ያህል ፕሮቲን እንደምወስድ አስልቻለሁ።

ባለፉት ወራት አልፎ አልፎ ልምምድ ላይ እያለሁ አንገቴንና ክንዴን ያሳክከኛል፤ ቁንጫ የነከሰኝ የሚመስል ቀይ እብጠት ይወጣብኝና ከሰዓታት በኋላ ይጠፋል። በቅርቡ ግን ከንፈሬ አበጠና ደነገጥኩ። በአንድ የግል ላቦራቶሪ የደም ምርመራ ባደርግ ስንዴ፣ ወተት፣ ኦቾሎኒና የቤት አቧራ ተባይ ሁሉም «ፖዘቲቭ» ተብለው መጡ። አሠልጣኜ «ፕሮቲን ሲበዛ ሰውነት ይቃወማል፤ መጠኑን ቀንስ» ይለኛል። እናቴ ወተቱንም ሽሮውንም ተው ትላለች። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ከተውኩ ምን እበላለሁ? ፕሮቲን ማብዛት በእርግጥ አለርጂ ያመጣል? የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ አመሰግናለሁ።

የአራት_ኪሎዋ

ወንድሜ፣ ሁሉንም ተውና ለተወሰነ ጊዜ የጾም ምግብ ብቻ ብላ። እኔ ወተት ከተውኩ ወዲህ ሆዴ አርፏል። በፕላስቲክ ማሰሮ የሚሸጡት ዱቄቶች ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? አያቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር ሳይነኩ በሬ ጠምደው ሲያርሱ ውለዋል፤ አለርጂ ይዞን ነበር ሲሉም አልሰማንም።

ሐኪም_ሐዋሳ

ብርታት፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። የከንፈር ማበጥ የሚናቅ ምልክት አይደለም። በሌላ ቀን ጉሮሮህን ካነቀህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ካስመለሰህ ወይም ዓይንህን ካጨለመብህ ሳትዘገይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። እዚያ የሚያስፈልግህ ጭን ላይ በጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። የአለርጂ ክኒን ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ እንዲህ ያለውን አደጋ አያቆምም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤናማ ጎልማሳ ይበቃል የሚለው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.83 ግራም ነው፤ ለአንተ በቀን 58 ግራም ገደማ ይሆናል። ክብደት ለሚያነሱ ሰዎች የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች በኪሎ እስከ 2 ግራም ይመክራሉ። ስለዚህ 130 ግራምህ ከዚያ አይወጣም። ዋናው ነገር ግን የበሽታ መከላከል ሥርዓታችን የምንበላውን ፕሮቲን በግራም አለመመዘኑ ነው። የሚለየው አንድን የተወሰነ ፕሮቲን፣ ከዚያም ውስጥ ትንሽ ክፍሉን ነው። በአጓት ውስጥ ቤታ ላክቶግሎቡሊን፣ በሽሪምፕ ውስጥ ትሮፖማዮሲን የሚባሉት አሉ። ለአንደኛው አይጂኢ የተባለውን አንቲቦዲ (ሰውነት እንደ ጠላት የቆጠረውን ነገር ለመያዝ የሚሠራውን የመከላከያ ፕሮቲን) ያዘጋጀ ሰው ሌላውን የፈለገውን ያህል ቢበላ ምንም ላይሆን ይችላል።

እንዲያውም በአፍ የሚገባ ምግብ በአብዛኛው ሰውነትን መቻል ነው የሚያስተምረው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ፕሮቲኑ በተቆጣ ቆዳ ወይም በመተንፈሻ በኩል ሲገባ ነው። ጃፓን ውስጥ የሆነውን ተመልከቱ። በኬሚካል የተሰባበረ የስንዴ ፕሮቲን የተጨመረበት የፊት ሳሙና ይሸጥ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ስንዴ ሲበሉ የኖሩ ሰዎች በዚያ ሳሙና መታጠብ ከጀመሩ በኋላ ዳቦና ኑድል ሲበሉ የዓይናቸው ቆብ ማበጥ፣ አንዳንዶቹም ራሳቸውን መሳት ጀመሩ። ከ2,000 በላይ ሰዎች መታመማቸው ተረጋግጧል። እነዚህ ሰዎች የሚበሉትን ስንዴ አላበዙም፤ የተለወጠው ፕሮቲኑ የገባበት መንገድ ነው።

ስለ ወረቀትህም ልናገር። ላቦራቶሪዎች አብዛኛውን ጊዜ «ፖዘቲቭ» የሚሉት በአንድ ሊትር ከ0.35 ኪሎ ዩኒት በላይ የሆነውን የአይጂኢ ውጤት ነው። ይህ ደምህ ውስጥ አይጂኢ መኖሩን ብቻ ይናገራል። ምግቡን በልተህ ምንም ካልሆንክ አለርጂ አለብህ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ40,000 በላይ ጎልማሶች ተጠይቀው 19 በመቶው የምግብ አለርጂ አለብን ብለው ያምኑ ነበር፤ የነገሩት ምልክት በእርግጥ አለርጂ የሚመስለው ግን 10.8 በመቶው ብቻ ነው። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንዱ አለርጂ የጀመራቸው ካደጉ በኋላ ነው። ስለዚህ «ከልጅነቴ ጀምሮ ስበላው ኖሬአለሁ» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ «ወረቀቱ ፖዘቲቭ ይላል» ማለትም ፍርድ አይደለም።

እስቲ እነዚህን መልስልኝ፦ ምልክቱ ልምምድ በማትሠራበት ቀን መጥቶብህ ያውቃል? ዱቄቱን ከመጠጣትህ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚጀምርህ? የምትወስደው መድኃኒትስ አለ?

ብርታት_ገርጂ

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አስቤበት አላውቅም ነበር እንጂ ምልክቱ የሚመጣው ሁልጊዜ ልምምድ ላይ እያለሁ ነው፤ ዱቄቱን ገና ሳልጠጣ። ዳቦ በልቼ ቢሮ ስቀመጥ ምንም አልሆንም። ቅዳሜና እሁድ ወተት በብዛት እጠጣለሁ፤ እሱም ምንም አያደርገኝም። ጉልበቴን ሲያመኝ አይቡፕሮፌን እወስዳለሁ። ከንፈሬ ያበጠ ዕለትም ወስጄ ነበር። ለጨጓራዬ ደግሞ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ።

ሐኪም_ሐዋሳ

ይህ ብዙ ይናገራል። በኢንተርኔት ላይ ምርመራ መስጠት አልችልም፤ ነገር ግን በአካል የምታየው ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ እንዲያስብበት የምፈልገው ስንዴ ተበልቶ ልምምድ ሲከተል የሚነሣውን አለርጂ ነው። የሚያስነሣው በስንዴ ውስጥ ያለ ኦሜጋ 5 ግሊያዲን የተባለ ፕሮቲን ነው። ሰውየው ዳቦውን በልቶ ቢያርፍ ምንም አይሆንም፤ ሳይበላ ቢሮጥም ምንም አይሆንም። ሁለቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሲገናኙ ግን ሽፍታው፣ እብጠቱ፣ አንዳንዴም የደም ግፊት መውደቁ ይመጣል። አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ነገሩን ያባብሱታል፤ አልኮልም እንዲሁ። የአንጀት ግድግዳ በእነዚህ ምክንያቶች ፕሮቲኑን ከወትሮው በላይ ያሳልፋል ተብሎ ይታሰባል።

እንግዲህ አሠልጣኝህ የጠረጠረው ዱቄቱን ነው፤ እናትህ ወተቱንና ሽሮውን። ዳቦውን ማንም አላየውም። ምክንያቱም ዳቦን «ፕሮቲን» ብሎ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው።

ሐኪም እስክታይ ድረስ ልምምድ ባለበት ቀን ከልምምዱ በፊት ስንዴ አትብላ፤ አይቡፕሮፌኑንም ተው፤ ብቻህንም አትለማመድ። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ይህ ፕሮቲን የለበትም። ከገበያ የሚገዛውን ግን ጠይቀህ ግዛ፤ ከሌላ እህል ዱቄት የሚቀላቅሉ አሉና።

ፋርማሲስቷ_ባሕር_ዳር

ዶክተር ያነሡትን ላጠናክር፤ ኦሜፕራዞሉ እንዳይረሳ። የጨጓራ አሲድ ፕሮቲንን የሚያፈርስ የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። አሲዱ ሲቀንስ ፕሮቲኑ ሙሉ ቅርጹን ይዞ ወደ አንጀት ይወርዳል። በቪየና የሚገኙ ተመራማሪዎች አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ለሦስት ወር የወሰዱ የጨጓራ ሕመምተኞችን ደም መርምረው ከአራቱ በአንዱ ገደማ አዲስ የምግብ አይጂኢ ተፈጥሮ ወይም የነበረው ጨምሮ አግኝተዋል። አብዛኞቹ በምግብ አልታመሙም፤ ግን ምልክቱ ደማቸው ላይ ታይቷል።

በየቀኑ በመስኮት የማየው ነገር ስለሆነ በጣም ያሳስበኛል። አንድ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኦሜፕራዞል ገዝቶ ለወራት ይውጠዋል። ብርታት፣ ኦሜፕራዞሉን በሐኪም ታዝዘህ ከሆነ በራስህ አታቋርጠው፤ በራስህ የጀመርከው ከሆነ ግን ለሐኪምህ ንገረውና ማስፈለጉን ይመልከት።

ከስቶክሆልም

እኔ ያጋጠመኝ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ስዊድን ከመጣሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየሚያዝያው ዓይኔ ማሳከክ፣ አፍንጫዬ መፍሰስ ጀመረ። በርች ከሚባለው ዛፍ የአበባ ብናኝ ነው አሉኝ። አገር ቤት ሳለሁ ይህን ዛፍ አይቼው አላውቅም። ከዚያ በጾም ወቅት ከስፖርት በኋላ የአኩሪ አተር ፕሮቲን ዱቄት በውኃ በጥብጬ ጠጣሁ። ወዲያው ምላሴና ጉሮሮዬ አሳከከኝ፤ ፊቴ አበጠ። አኩሪ አተር በሌላ መልክ ስበላ ኖሬ ምንም ሆኜ አላውቅም ነበር።

የአለርጂ ሐኪሜ እንዳስረዳኝ በበርች ብናኝ ውስጥ ያለው ዋና ፕሮቲንና በአኩሪ አተር ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን በቅርጽ ይመሳሰላሉ። ለብናኙ የተዘጋጀው አንቲቦዲ አኩሪ አተሩንም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2002 ጀርመን ውስጥ ልክ እንደ እኔ የአኩሪ አተር ዱቄት ጠጥተው የታመሙ ሰዎች ታሪክ ታትሟል። በደንብ የፈላው ወይም የተብላላው ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ ብዙም ያልበሰለው ዱቄት ግን ፕሮቲኑን እንዳለ ይዞ ይመጣል፤ ያውም ባዶ ሆድ ላይ በአንድ ትንፋሽ ሲጠጣ። በሰሜን አውሮፓ ያላችሁ ወጣቶች፣ የአበባ ብናኝ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ይህን እወቁ።

የአራት_ኪሎዋ

ታዲያ እኔ የምለው ይኸው አይደል! ዱቄቱ ነው። አገር ቤት የሌለ ነገር ነው። ገጠር ሂዱና ስንት ሰው አለርጂ እንዳለበት ጠይቁ።

ጅማ_የተማርኩ

እህቴ፣ ገጠር ሄደው የጠየቁ አሉ። ጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። አስምና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ በከተማው በዝቶ በገጠሩ አንሶ ተገኝቷል፤ በዚህ ትክክል ነሽ። ነገር ግን በገጠሩም ቆዳቸው ለአቧራ ተባይ ምላሽ የሰጠ ሰዎች ነበሩ። ልዩነቱ በከተማው የቆዳው ምላሽና የትንፋሹ ችግር አብረው ሲሄዱ በገጠሩ አብረው አለመሄዳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ብዙ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች የትንፋሽ ችግራቸው አነስተኛ መሆኑን አሳየ። ትሉ ደም ያሳንሳል፤ የሚመኘው ሰው የለም። ይሁን እንጂ የበሽታ መከላከል ሥርዓቱን እንደሚያለዝበው ያሳያል።

በጋና ትምህርት ቤቶች የተጠኑ ሕፃናትም አሉ። አንዳንዶቹ በደማቸው የኦቾሎኒ አይጂኢ ተገኝቶባቸው ሳለ ኦቾሎኒ እየበሉ ጤነኞች ናቸው። አንቲቦዲው የያዘው በኦቾሎኒውም በቢልሃርዝያ ትሉም ላይ የሚገኝ ስኳር ነበር። በአገራችን ላሉ ወጣቶች ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። በልጅነቱ በትል ተይዞ የማያውቅ ማን አለ? የውጭ አገር መለኪያ የያዘ ወረቀት አምጥቶ «ኦቾሎኒ አትብላ» ማለት ጤነኛ ሰው ከገበታው ላይ ርካሽና ጥሩ ፕሮቲን መንጠቅ ነው። ይህ ያናድደኛል።

ፕሮቲን በብዛት የሚበሉና ጥቂት የሚበሉ ወጣቶችን አነጻጽሮ የአለርጂ ልዩነት ማግኘትም ብዙ አያራምድም። በእኛ አገር ሥጋና ወተት አዘውትሮ የሚበላው ከተሜውና ገንዘብ ያለው ነው። እሱ ደግሞ የሚተኛበት ፍራሽ፣ የሚተነፍሰው አየር፣ በልጅነቱ የወሰደው መድኃኒት ሁሉ ይለያል። አለርጂ ያለበት ሰውም ምግቡን ስለሚቀይር የቱ የቱን እንዳስከተለ በአንድ ጊዜ መጠይቅ መለየት አይቻልም።

ነርስ_ቨርጂኒያ

ስለ ስኳሩ ከተነሣ ወገኖቼ ይህን ስሙኝ። በዚህ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያለን ሰዎች ከቀይ ሥጋ ጋር የተያያዘ አንድ አለርጂ ማወቅ አለብን። መነሻው ፕሮቲን አይደለም፤ አልፋ ጋል የተባለ ስኳር ነው። ሰውነታችን ይህን ስኳር እንዲጠላ የሚያደርገው ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት መዥገር ንክሻ ነው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ፕላትስ ሚልስና ባልደረቦቻቸው ናቸው የደረሱበት። መንገዱን የከፈተላቸው ሴቱክሲማብ የተባለው የካንሰር መድኃኒት በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ሕመምተኞችን ገና በመጀመሪያው መርፌ እየጣለ ማስቸገሩ ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 እስከ 450,000 ሰዎች ተጠቂ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገምቷል።

ሌላው የምግብ አለርጂ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ሲመጣ ይህ ግን ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል። ማታ በሠርግ ላይ ክትፎና ቁርጥ የበላ ሰው ሌሊት በእንቅልፉ መካከል እያሳከከው፣ ሆዱን እየቆረጠው ይነቃል። ጠዋት «ሥጋው ተበላሽቶ ነበር» ይባላል። በጫካ መንገድ የምትሮጡ፣ በሣር ላይ የምትቀመጡ ወጣቶች ሰውነታችሁን ፈትሹ። ዶሮና ዓሣ አይከለከልም። ለሐኪማችሁ ግን «ሥጋ በልቼ ሌሊት ታመምኩ» ብላችሁ ሰዓቱን ጭምር ንገሩት፤ ካልነገራችሁት አይጠረጥርም።

የአራት_ኪሎዋ

ይህን አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ግን የእኔን የወተት ነገር ማንም አልመለሰልኝም። ጾም ሲፈታ ወተት ስጠጣ ሆዴ ይነፋና ያስቀምጠኛል። ይህ አለርጂ ካልሆነ ምንድን ነው?

ሐኪም_ሐዋሳ

እህቴ፣ ሽፍታ፣ እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከሌለሽ ይህ የበሽታ መከላከል ሥርዓትሽ ሥራ አይመስልም። የወተቱ ስኳር፣ ላክቶስ፣ ነው። እሱን የሚፈጨው ኢንዛይም ከልጅነት በኋላ በብዙ ሰዎች ይቀንሳል። በአገራችን እንደየአካባቢው ይለያያል፤ ለምሳሌ ግመል ከሚያረቡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ካደጉም በኋላ ይህን ኢንዛይም ያመርታሉ። ጾም ኢንዛይሙን አይቀንሰውም። የሚሆነው በጾሙ ወራት የአንጀት ባክቴሪያዎች ላክቶስን ማስተናገድ ይረሳሉ፤ ቀስ ብለሽ በትንሽ በትንሹ ብትጀምሪ ብዙ ጊዜ ይሻላል። እርጎና አይብ ላክቶሳቸው አነስተኛ ስለሆነ ሞክሪያቸው። የወተት አለርጂ ያለበት ሰው ግን አይብም እርጎም ጠብታም ሊጎዳው ይችላል። እንግዲህ ለአንቺ የሚሆነው ምክር ለእሱ አደጋ ነው፤ የእሱ ክልከላ ደግሞ ለአንቺ ከንቱ ረሃብ ነው።

ስለ ዱቄቱ ያልሽው ግን ልክ ነው። ከትልቅ ማሰሮ ተገልብጦ በስስ ፕላስቲክ ከረጢት የሚሸጥ አለ። ምን እንደተቀላቀለበት የሚናገር ጽሑፍ የለውም። አለርጂ ያለበት ሰው እንዲህ ያለውን ፈጽሞ መግዛት የለበትም።

ሜሮን_ደሴ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። የሰባት ወር ልጅ አለችኝ፤ ጉንጯ ላይ ችፌ አለባት። ይህን ሁሉ ሳነብ ኦቾሎኒና እንቁላል እስክታድግ ባላቀምሳት ይሻላል ብዬ ፈራሁ።

እናት_አሽዶድ

ሜሮን እህቴ፣ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። እዚህ እስራኤል ውስጥ ሕፃናት ጥርስ ሳያወጡ ባምባ የተባለ ከኦቾሎኒ የተሠራ አፍ ላይ የሚሟሟ መክሰስ ይሰጣቸዋል። የእኔም ልጆች በእሱ ነው ያደጉት። እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝና በእስራኤል የሚኖሩ አይሁድ ሕፃናት ሲነጻጸሩ የኦቾሎኒ አለርጂ በእንግሊዞቹ አሥር እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ይህን ያዩት የለንደኑ ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቻቸው ብርቱ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን 640 ሕፃናት ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ኦቾሎኒ አበሉ፤ ግማሾቹን ከለከሉ። በአምስት ዓመታቸው ሲታዩ የበሉት ላይ አለርጂው 80 በመቶ ያህል ቀንሷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ በየአገሩ «አዘግዩ» ይባል የነበረው ምክር ተገለበጠ።

ሐኪም_ሐዋሳ

እናት እንዳሉት ነው። ሜሮን፣ የልጅሽ ችፌ ብርቱ ከሆነ ወይም እንቁላል ቀምሳ ሽፍታ ከወጣባት መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ይያት። ቀላል ከሆነ ልሞ የተፈጨ ኦቾሎኒ በገንፎዋ ውስጥ በትንሹ ጀምሪላት፤ ጤናማ በሆነችበት ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ እያየሻት። ከተስማማት በየሳምንቱ ቀጥይ። ፍሬውን እንዳለ ግን ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አትስጪ፤ ያንቃል። ችፌውንም አክሚላት፤ የተቆጣው ቆዳ ነው ለአለርጂ በር የሚከፍተው።

ልጅ_ከአዊ

ኦቾሎኒ በእርግጥ አለርጂ ለሆነባቸው ትልልቅ ሰዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በእኛ አካባቢ ግብጦ ይቀቀላል፤ ምሬቱ እስኪወጣ በወራጅ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ይበላል። ግብጦ የኦቾሎኒ ዘመድ ነው፤ ፕሮቲናቸው ስለሚመሳሰል ለአንዱ የሚታመም ለሌላውም ሊታመም ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በምግብ ማሸጊያ ላይ የግድ እንዲጻፉ ከሚያዝዛቸው 14 ነገሮች አንዱ ግብጦ ነው። እዚያ ከስንዴ ዱቄት ጋር እየቀላቀሉ ብስኩት ይሠሩበታል። አብሽም እንዲሁ ነው፤ ኖርዌይ ውስጥ ኦቾሎኒ የማይስማማቸው ሰዎች አብሽ ባለበት ቅመም ታመው ተገኝተዋል። በርበሬና ሽሮ ውስጥ አብሽ የሚጨምሩ ቤቶች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ውጭ አገር ለእንግዳ ስታቀርቡ «ኦቾሎኒ የለበትም» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ አብሽና ሽንብራ እንዳለበትም ንገሩት።

ብርታት_ገርጂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀጠሮ ይዣለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ላቦራቶሪው ደውሎ «ለ200 ምግቦች የአይጂጂ ምርመራ አለን፤ የማይስማማህን ሁሉ ይለይልሃል» አለኝ። ዋጋው የወር ደመወዜን ያህላል። ላድርገው?

ሐኪም_ሐዋሳ

አታድርገው። አይጂጂ ከአይጂኢ የተለየ አንቲቦዲ ነው፤ ምግቡን እንደበላኸው ብቻ ነው የሚናገረው፤ አዘውትረህ የምትበላውን ሁሉ ይቆጥርልሃል። የአውሮፓ የአለርጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የአሜሪካውም ማኅበር በኋላ ለምርመራ እንደማይጠቅም አስታውቀዋል። ያንን ገንዘብ ለቀጠሮህ ያዘው። ስትሄድ ልምምድ የሠራህባቸውን ቀናት፣ የበላኸውንና የዋጥከውን መድኃኒት ከነሰዓቱ ጽፈህ ውሰድ። ሽፍታው ከወጣብህ በስልክህ ፎቶ አንሣው። ሐኪሙ የቆዳ ምርመራ ወይም በክትትል ሥር ምግቡን አብልቶ መሞከር ቢፈልግ አድሬናሊን በተዘጋጀበት ሆስፒታል ውስጥ ይሁን፤ ቤትህ ወይም ጂም ውስጥ ራስህ እንዳትሞክረው።

እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ሽሮውን ብላ።